የቮልስ ኪሎሜትር ቆጣሪ ሲቆም፦ ከግራ የፊት ጎማ እስከ ትንሿ ጊር

አሮጌ ቮልስዋገን ላይ ኪሎሜትር ቆጣሪው ሲቆም ብዙ ባለቤቶች ዝም ብለው ይነዳሉ። መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፤ የቆመ ቁጥር መንገድ ላይ አያስቀርም። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን እንደ ዛሬ መኪኖች የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው የሽቦ ወንፊት ነው። ስለዚህ ዘይቱን በየ5,000 ኪሎሜትሩ መቀየር፣ ቫልቩንም በጊዜው ማስተካከል ግድ ነው። ቁጥሩ ከቆመ ይህ ሁሉ በግምት ይሆናል፤ ግምት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ማሳለፍ ያደላል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ሞዴል በፊት የተሠሩት ጭራሽ የነዳጅ ጌጅ የላቸውም። በእነሱ ላይ ነዳጅ ምን ያህል እንደቀረ የሚታወቀው በተነዳው ኪሎሜትርና በሪዘርቭ (የመጠባበቂያ ነዳጅ) መክፈቻዋ ነው።

ደግነቱ ኪሎሜትር ቆጣሪውና የፍጥነት ቀስቱ አብረው ያሉበት ጌጅ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው። ኮምፒውተርም ሴንሰርም የለበትም። ረጋ ያለ እጅ፣ ጥሩ ብርሃንና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለው ሰው ሊጠግነው ይችላል። ማጣበቂያው እንዲደርቅ ደግሞ አንድ ሌሊት መታገስ አለበት።

አሠራሩን ሳያውቁ አይፈታም

የቮልስ የኪሎሜትር ገመድ እንደ ብዙዎቹ መኪኖች ከካምቢዮ አይነሳም። የሚነሳው ከግራ የፊት ጎማ ነው። የግራው ጎማ የግሪስ ክዳን መሃሉ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው፤ የገመዱም ጫፍ አራት ማዕዘን ነው። ጎማው የሚዞርበት አክስል ውስጡ ክፍት ስለሆነ ገመዱ ከጀርባ ገብቶ፣ በአክስሉ መሃል አልፎ፣ በክዳኑ ቀዳዳ ብቅ ይላል። እዚያ በትንሽ ክሊፕ ወይም በኮፒሊያ ይያዛል። ጎማው ሲዞር ክዳኑ አብሮ ይዞራል፤ ክዳኑም ገመዱን ያዞራል። አንድ የጎማ ዙር አንድ የገመድ ዙር ነው ማለት ነው። በ5.60-15 ወይም በ165አር15 ጎማ አንዱ ዙር ወደ 2 ሜትር ስለሚጠጋ አንድ ኪሎሜትር 500 ዙር ገደማ ይሆናል። ይህችን 500 ያዟት፤ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ስንፈትሽ ታስፈልገናለች።

ገመዱ ጌጁ ውስጥ ሲገባ ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ በላዩ ያለውን የአሉሚኒየም ኩባያ ሳይነካው አብሮ ይጎትተዋል፤ ኩባያው እንደ ፀጉር በቀጠነ ሞላ ተይዟልና እንደ ፍጥነቱ መጠን ብቻ ዞር ብሎ ቀስቱን ያነሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ዙሩ እንደ ብሎን በተጠመዘዙ ጥርሶች በኩል እየቀነሰ እየቀነሰ ወደ ቁጥሮቹ ይሄዳል። የአንድ ኪሎሜትሩ የቁጥር ቀለበት አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር መኪናዋ 10 ኪሎሜትር ትሄዳለች፤ ገመዱ ደግሞ ወደ 5,000 ጊዜ ይዞራል።

ቀስቱና ቁጥሩ ገመዱን ይጋራሉ፤ ከገመዱ በኋላ መንገዳቸው ይለያያል። ምርመራው በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

የቆመው ማን ነው?

ቀስቱም ቁጥሩም አብረው ከሞቱ ጌጁን አትንኩት። ችግሩ ገመዱ ላይ ወይም ጎማው ጋ ነው። ቀስቱ በደንብ እየሠራ ቁጥሩ ብቻ ከቆመ ገመዱ ጤነኛ ነው፤ ጌጁ ይፈታል። ቁጥሩ እየሄደ ቀስቱ ብቻ ከሞተ ጉዳዩ የማግኔቱና የሞላው ነው። እሱን በቤት ውስጥ ባትሞክሩት ይሻላል፤ ሞላው አንዴ ከተጣመመ ትክክለኛ ፍጥነት ማሳየቱ ያበቃል። ቀስቱ እየዘለለና እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ገመዱ ደርቋል ወይም የሆነ ቦታ ተጣጥፏል። ይህን ቸል ያለ ሰው ብዙም ሳይቆይ የተበጠሰ ገመድ ይገጥመዋል።

ቁጥሩ ብቻ ከቆመ ደግሞ የቆመበትን ቁጥር ራሱን አንብቡት፤ ብዙ ይናገራል። ከ9 ወደ 0 ሊሻገር ሲል መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ለምሳሌ 49999 ላይ ሁሉም ቁጥሮች ግማሽ ግማሽ ሆነው ከታዩ፣ ቀለበቶቹ ወይም በመካከላቸው ያሉት ፒኞኖች (ትናንሽ ባለጥርስ መዘውሮች) ከብደዋል። ብዙ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ መንቀሳቀስ ያለባቸው እዚያ ላይ ስለሆነ ጭነቱ የሚበዛው በዚያች ቅጽበት ነው። ቀለበቶቹን የሚያዞረው ትንሹ ጊር ከላላም ዘንጉ ላይ መንሸራተት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ቁጥሩ እንዲሁ ተራ ቦታ ላይ፣ በ3 ወይም በ6 ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ግን መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የጊሩን መሰንጠቅ ወይም መላላት ነው።

መጀመሪያ ጎማውን እዩ

ገመድ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት የግራውን የፊት ጎማ ሽፋን አንሱና የግሪስ ክዳኑን ተመልከቱ። ክሊፑ አለ? የገመዱ ጫፍ ከቀዳዳው ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቅ ብሏል? የፊት ኩሽኔታ ግሪስ ከተደረገ በኋላ ቆጣሪው ከቆመ መልሱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል እዚህ ነው። ክሊፑ ሳይመለስ ቀርቷል፣ አለዚያም ቀዳዳ የሌለው የቀኙ ክዳን በግራ ተገጥሟል። ክሊፕ ከሌለ ገመዱ ለጥቂት ቀን ይሠራና መሪ ሲጠመዘዝ እየተሳበ ወደ ውስጥ ይገባል። ጥገናው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ክሊፑ ካለ ቀዳዳውን በጣታችሁ ዳብሱት። አራቱ ማዕዘኖች ስል መሆን አለባቸው። ተበልተው ክብ ከሆኑ ገመዱ ውስጡ ይንሸራተታል፤ ፍጥነት ሲጨምር ቀስቱ ወደቅ እያለ ይመለሳል። ቀዳዳውን በመዶሻ ቀጥቅጦ ማጥበብ ለሳምንት ያህል ይሠራል፤ መፍትሔው ግን ሌላ ክዳን ነው። ክዳኑን ስታወጡ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ በካቻቢቴ ፈልቅቁት። አንድ ቦታ ብቻ ከጫናችሁት ይጣመምና ሲመለስ ወለም ብሎ ይዞራል፤ ገመዱንም አብሮ ይበላል። ክዳኑን ግሪስ አትሙሉት። ትርፉ ግሪስ በቀዳዳው ወጥቶ አቧራ ይሰበስባል።

እግረ መንገዴን፦ ኩሽኔታውን ጭምር ልትፈቱ ከሆነ የግራው አክስል ዳዶ የግራ ጥርስ ነው። የሚፈታው እንደ ሰዓት አቅጣጫ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በጉልበት ሲታገል ጥርሱን ይላጨዋል።

ክዳኑም ክሊፑም ደህና ከሆኑ ገመዱን ፈትሹ። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፤ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ስለሆነ ከፊት ማንሳት ትችላላችሁ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ፣ የግራውን ፊት በክሪክ አንሱ። ከዚያ የፊት ኮፈኑን ክፈቱና ከጌጁ ጀርባ ያለውን የካርቶን ሽፋን አውጡ። ገመዱ ከጌጁ ጋር የተያያዘው ዙሪያው በተሸነሸነ ክብ ዳዶ ነው፤ በእጅ ይፈታል። ጎማውን ወደፊት በእጅ ሲያዞሩላችሁ በኮፈኑ በኩል ያለው የገመዱ ጫፍ አብሮ መዞር አለበት። ካልዞረ ተበጥሷል። እየተቆራረጠ የሚዞር ከሆነ ወይ ደርቋል ወይ ታጥፏል።

አዲስ ገመድ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን ለኩት። የተራው ቮልስና የ1302 እና የ1303 ሞዴሎች ገመድ ርዝመታቸው አንድ አይደለም፤ የፊት እግራቸው ይለያያልና። አጠር ያለ ገመድ መሪ ሲጠመዘዝ ይበጠሳል፤ የረዘመው ደግሞ ይታጠፋል። ስትገጥሙት ከ15 ሳንቲሜትር ያነሰ ጠባብ ክብ እንዳይሠራ ተጠንቀቁ። ግሪስ የሚቀባው ጎማው ጋ ካለው ጫፍ ጀምሮ እስከ ሁለት ሦስተኛው ርዝመት ድረስ ብቻ ነው፤ እሱም ስስ ሆኖ በጨርቅ እየተጠረገ። ወደ ጌጁ ያለው 20 ሳንቲሜትር ደረቅ መሆን አለበት። የገመዱ ጥምዝ ሽቦ ሲዞር ዘይቱን እንደ ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጌጁ ውስጥ የገባ ዘይት ማግኔቱንና ኩባያውን ያጣብቃል፤ ቀስቱ ከዚያ በኋላ ልክ አይናገርም። ገመዱ ወደ አክስሉ የሚገባበት ላይ ያለችውን የጎማ ማሸጊያም እዩዋት። ከተቀደደች ጭቃና ውኃ በእሷ በኩል ይገባል፤ አዲሱም ገመድ እንደ አሮጌው ይዝጋል።

ጌጁን ማውጣት

ቀስቱ እየሠራ ቁጥሩ ብቻ የቆመ ከሆነ እዚህ ደርሳችኋል። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ የኔጋቲቩን ገመድ ፍቱ። ይህ ለወጉ ያህል የሚባል ነገር አይደለም። ከጌጁ ጀርባ ያሉት ሽቦዎች መካከል በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ አለ፤ ብረት ከነካ ሽቦው ይቃጠላል።

ከዚያ ጀርባውን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተለያየ አቅጣጫ። እያንዳንዱን ሽቦ በፕላስተር ቁጥር ለጥፉበት፣ የተነቀለበትንም ቦታ በዚያው ቁጥር ምልክት አድርጉ። የአምፖል መያዣዎቹ እየተሳቡ የሚወጡ ናቸው፤ በሽቦው ሳይሆን በብረቱ ይዛችሁ ሳቡ። እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የነዳጅ ጌጁ ኤሌክትሪክ ሆኖ እዚሁ ውስጥ ስለገባ በጀርባ በኩል ትንሽ የብረት ሳጥን ታያላችሁ። እሷ ወደ ነዳጅ ጌጁ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የምትቆጣጠር ናት፤ ሽቦዋን አታምታቱ።

በአብዛኞቹ ሞዴሎች ጌጁን ከክሩስኮቱ ጋር የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ ከኮፈኑ ውስጥ ይፈታሉ። 1303 ላይ ግን በጎማ ቀለበት ተጨምቆ የገባ ነው፤ ከጀርባ በመዳፍ እኩል እየተገፋ ይወጣል። አምፖሎቹን በዚሁ አጋጣሚ ቀይሯቸው። 6 ቮልት ይሁን 12 ቮልት አምፖሉ አንገት ላይ ተጽፏል፤ እሱን ሳታዩ አትግዙ።

መክፈት

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። የፊቱ ኒኬል ቀለበት በብሎን አልታሰረም፤ ጠርዙ በጌጁ ቆርቆሮ ላይ ዙሪያውን ታጥፎ ነው የያዘው። ቆርቆሮው ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ነውና በአንድ ጊዜ ካነሣችሁት ይሰነጠቃል። ጠፍጣፋ ትንሽ ካቻቢቴ ያዙ፣ ከጫፏ በስተቀር ፕላስተር ጠቅልሉባት፣ ጠርዙን በየግማሽ ሳንቲሜትሩ አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ቀና አድርጉ። ዙሩን ጨርሳችሁ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሩ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር ይለቃል። ሙሉ ዙሪያውን መክፈትም አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስተኛው ከተቃና ቀለበቱ ተንሸራቶ ይወጣል።

መስታወቱንና ከሥሩ ያለውን የጎማ ማሸጊያ አንሱ። ማሸጊያው ከደረቀ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ላይ ቀጭን ቀለበት ቆርጣችሁ መተካት ትችላላችሁ። በጀርባ በኩል መሣሪያውን ከቆርቆሮው ጋር የያዙትን ሁለት ብሎኖች ስትፈቱ ቀስቱም፣ ፊቱም፣ ቁጥሩም አንድ ላይ ይወጣል። ነጭ ጨርቅ ባነጠፋችሁበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ጨርቁ ለውበት አይደለም፤ የምትወድቀው ብሎን የሩዝ ፍሬ ታክላለች።

ቀስቱን ከመንቀላችሁ በፊት ልዩ ትኩረት የሚጠይቅ ነገር አለ። ቀስቱ ሲያርፍ በትንሽ ማቆሚያ ሚስማር ላይ ተደግፏል። በጥንቃቄ ከሚስማሩ በላይ አሳልፉትና ወደ ታች ልቀቁት፤ ሞላው ወደሚፈልገው ቦታ ወርዶ ይቆማል። ያ ቦታ የቀስቱ እውነተኛ ዜሮ ነው። የፊቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉበት፣ ፎቶም አንሱ። ይህ ያልተደረገበት ጌጅ ሲገጠም 60ውን 75 ብሎ ያነባል። ቀስቱን ለማውጣት ከሥሩ በሁለት በኩል ሁለት የሻይ ማንኪያ አስገብታችሁ እኩል ወደ ላይ አንሱ፤ ከማንኪያውና ከፊቱ መካከል ወፍራም ወረቀት ይኑር። ቀስቱ ሲወጣ የፊቱ ሁለት ብሎኖች ይታያሉ፤ እነሱን ፍቱና ፊቱን አንሱ። የፊቱን ጽሑፍ በቤንዚንም ሆነ በቲነር አትጥረጉ። ቀለሙ አብሮ ይነሳል፣ መመለሻም የለውም። እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

ትንሿ ጊር

አሁን የቁጥር ቀለበቶቹ በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ታዩዋቸዋላችሁ። በዘንጉ አንድ ጫፍ ላይ ያለችው ጊር ናት ሁሉን የምታንቀሳቅሰው። በአንዳንዱ ዘመን ከነጭ ለስላሳ ብረት፣ በአንዳንዱ ከፕላስቲክ ተሠርታለች። ዘንጉ ላይ የተያዘችው በብሎን ወይም በክሊፕ አይደለም፤ ተጨምቃ ገብታ ነው። ዘመን ሲቆጠር ነጩ ብረት ይደርቃል፣ ፕላስቲኩም ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ያኔ ጊሯ ብቻዋን ትዞራለች፣ ዘንጉ ይቆማል።

ለማረጋገጥ ገመዱ በሚገባበት በኩል ያለውን ዋና ዘንግ በጣታችሁ አዙሩና ጊሯን በማጉያ መነጽር እዩ። ጊሯ በጣም በዝግታ ነው የምትዞረው፤ ስለዚህ ጊሯ ላይና ዘንጉ ጫፍ ላይ በጥፍር ቀለም አንዳንድ ነጥብ አድርጉ። ከመቶ ዙር በኋላ ሁለቱ ነጥቦች ከተራራቁ ጊሯ እየተንሸራተተች ነው። ነጥቦቹ አብረው ሄደው ቁጥሩ ካልሄደ የላላው የመጀመሪያው የቁጥር ቀለበት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጊሯና የመጀመሪያው የቀኝ ቀለበት ከዘንጉ ጋር አብረው መዞር አለባቸው፤ የቀሩት ቀለበቶች ዘንጉ ላይ ነጻ ሆነው በፒኞኖቹ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሱት። ማጣበቂያ ከማንሳታችሁ በፊት የናንተ ጌጅ ላይ የትኛው ነጻ፣ የትኛው እስር እንደሆነ በወረንጦ እየነካካችሁ ለዩ። ነጻ መሆን ያለበትን ቀለበት ያጣበቀ ሰው ጊሯን ራሱ ይሰብራታል።

ጊሯ ሳትሰነጠቅ ላልታ ከሆነ አሠራሩ ይህ ነው። የቁጥሮቹን ፎቶ አንሱ። ዘንጉን በቀጭን ሚስማር ወይም በተቆረጠ የስፌት መርፌ ከአንድ በኩል 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ግፉት፤ ጊሯ የተቀመጠችበት ቦታ ይራቆታል። ሙሉ በሙሉ ካወጣችሁት ቀለበቶቹና ፒኞኖቹ ይበተናሉ፣ የአንድ ሰዓት ሥራ የአንድ ቀን ይሆናል። የተራቆተውን ቦታና የጊሯን ቀዳዳ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮልና በስቴኪኒ ጫፍ ላይ በተጠቀለለ ጥጥ አጽዱ። ጥጡ ጥቁር እስካወጣ ድረስ ድገሙት፤ ቅባት ካለ የትኛውም ማጣበቂያ አይዝም። ከዚያ ዘንጉን ጊሯ በምትቀመጥበት ቦታ ላይ ብቻ በሞረድ ጠርዝ ወይም በፒንሳ ጥርስ ሦስት አራት ቦታ ጫር አድርጉት፣ ማጣበቂያው የሚጨብጠው እንዲያገኝ።

ለብረት ጊር ተመራጩ ዘንግን ከቀዳዳ ጋር ለማያያዝ የተሠራው ሎክታይት 609 ወይም 638 ነው። እሱ ካልተገኘ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ ይሠራል። ሱፐር ግሉን ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ለፕላስቲክ ጊርም ይይዛል፤ ነገር ግን ሲደርቅ የሚያወጣው ጭስ መስታወትና ጥቁር ፊት ላይ ነጭ ጉም ይተዋል። ከተጠቀማችሁበት ጌጁ ክፍት ሆኖ፣ ፊቱና መስታወቱ ሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ሌሊቱን ይደር። መጠኑ የስቴኪኒ ጫፍ የምትይዘው ያህል ብቻ ነው። ማጣበቂያውን ዘንጉ ላይ ሳይሆን ጊሯ ቀዳዳ ውስጥ ንኩት፤ ዘንጉ ላይ ከተቀባ ሲገፋ ወደ ቀለበቶቹ ተጠርጎ ይሄዳል። ዘንጉን መልሳችሁ ግፉት፣ የተረፈውን ወዲያው ጥረጉ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ቀለበቶቹን በየጊዜው ነቅነቅ አድርጓቸው። ከዚያ 24 ሰዓት አትንኩት።

ጊሯ ከተሰነጠቀች ማጣበቅ ዕድሜ አይሰጣትም። ስንጥቁ ቀዳዳዋን ያሰፋል፣ ጥርሶቿም ከቦታቸው ፈቀቅ ይላሉ። ጥርስ ከረገፈማ ምንም ማድረግ አይቻልም። መፍትሔው ከሌላ የሞተ ጌጅ ማውጣት ነው፤ ቀስቱ የሞተ፣ መስታወቱ የተሰበረ ጌጅ በርካሽ ይገኛል፣ ጊሯ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ናት። ስትመርጡ ሁለት ነገር እዩ። በማይል የተጻፈ ጌጅ ጥርስ ለኪሎሜትር ጌጅ አይሆንም፤ ስሌቱ ሌላ ነው። ከአንድ ዘመን ወደ ሌላው ደግሞ የጥርሱ ቁጥር ሊለያይ ይችላል፤ ስለዚህ የሁለቱን ጊሮች ጥርስ ቁጠሩ።

ቀለበቶቹ ከብደው ከሆነ

ጊሯ ደህና ሆና ቁጥሮቹ መሃል ላይ ተንጠልጥለው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከዚህ ቀደም የተደረገ ዘይት ነው። አንድ ሰው በበጎ ሐሳብ ዘይት ነፍቶበታል፣ ዘይቱ አቧራ ጠጥቶ እንደ ሙጫ ሆኗል። የቁጥር ቀለበት ዘይት አይፈልግም፤ ደረቅ ሆኖ እንዲሠራ ነው የተሠራው። በአልኮል በራሰ ጥጥ በጎንና ጎናቸው አጽዱ፤ ቁጥሩ የተጻፈበትን ፊት ግን አልኮል አታስነኩት።

ዘይት የሚፈልገው ዋናው ዘንግ ከታች የሚዞርበት ቦታና እንደ ብሎን የተጠመዘዙት ጥርሶች ናቸው፤ እነሱም በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ። የሰዓት ዘይት ከሰዓት ሠሪ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና ዘይትም ይሆናል። የሞተር ዘይት አይሆንም።

ቁጥሮቹ በአንድ መስመር ላይ ካልተደረደሩ ፒኞኖቹ አንድ ጥርስ ዘለዋል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሁለት ቀለበት መካከል አንድ ፒኞን አለ። የቀኙ ቀለበት በሙሉ ዙሩ አንዴ ብቻ ፒኞኑን ይነካዋል፤ ፒኞኑም የግራውን ቀለበት አንድ ቁጥር ያራምደዋል። ለማስተካከል ፒኞኖቹን የያዘችውን ቀጭን ሽቦ ፈንጠር አድርጉ፣ ቁጥሮቹን በማስመሪያ ጠርዝ አሰልፉ፣ ሽቦዋን መልሱ።

ስለ ቁጥሩ እውነት

እዚህ ደረጃ ላይ ማንም ሰው የፈለገውን ቁጥር ማድረግ ይችላል፤ ስለዚህም በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። መመለስ ያለበት የቆመበት ቁጥር ነው። ቆሞ ሳለ የተነዳውን በግምት አትጨምሩ፣ ከቶውንም አትቀንሱ። የቆመበትን ቁጥር፣ የተጠገነበትን ቀንና የጥገናውን ዓይነት በወረቀት ጽፋችሁ ከመኪናዋ ሰነድ ጋር አስቀምጡ። የሚገዛችሁ ሰው ቫልቩንና ዘይቱን በዚያ ቁጥር ያሰላል። ብዙዎቹ ቆጣሪዎች 5 አሃዝ ብቻ ስላላቸው ከ99,999 በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፤ ይህንንም ለገዢ መንገር ግዴታ ነው። አሜሪካ ያላችሁ በፌዴራል ሕጉ መሠረት ከጥገና በኋላ የቀድሞውን ቁጥር መመለስ ካልተቻለ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ይደረግና የቀድሞው ቁጥርና ቀኑ ተጽፎ በግራ በር ክፈፍ ላይ ይለጠፋል። ጀርመን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ቁጥሩን ማጭበርበር ወንጀል ነው።

ከመግጠማችሁ በፊት በትራፓኖ ፈትሹ

ፊቱን መልሱ፣ ቀስቱን በእርሳስ ነጥባችሁ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ጫን በሉት፣ ከዚያ ከማቆሚያው ሚስማር በላይ አሳልፋችሁ በቦታው አሳርፉት። መስታወቱን ገና አትዝጉት። ከተጣለው አሮጌ ገመድ የጌጁን ጫፍ 10 ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡና ትራፓኖ ላይ አስራችሁ በጌጁ ጀርባ አስገቡ። የግራው ጎማ ወደፊት ሲዞር ገመዱ በጌጁ ጀርባ በኩል ሲታይ በሰዓት ተቃራኒ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ትራፓኖው ወደ ኋላ መዞር አለበት። ቀስቱ መነሳት ትቶ ሚስማሩን ወደ ታች የሚገፋ ከሆነ አቅጣጫው ተገላብጧል፤ ወዲያው አቁሙ።

ያቺ 500 የምታስፈልገው አሁን ነው። በደቂቃ 500 ዙር ማለት በደቂቃ 1 ኪሎሜትር፣ በሰዓት 60 ኪሎሜትር ነው። የባትሪ ትራፓኖ በዝቅተኛው ማርሽ ብዙውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ይዞራል። ቀስቱ ወደ 60 ቀርቦ መቆም፣ የአንዱ ቁጥር ደግሞ በየደቂቃው አንድ መራመድ አለበት። በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞር የግድግዳ መብሻ ትራፓኖ አትጠቀሙ፤ 3,000 ዙር ማለት ቮልሷን በሰዓት 360 ኪሎሜትር መንዳት ነው፣ ሞላውም ጊሯም አይችሉትም። ቢያንስ 11 ደቂቃ አዙሩት፣ ከ9 ወደ 0 የሚደረገውን ሽግግር አንድ ጊዜ በዓይናችሁ እንድታዩ። ቁጥሩ በሽግግሩ ላይ ካመነታ አሁን አስተካክሉት፤ ክሩስኮት ውስጥ ከገባ በኋላ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ነው።

ቀለበቱን ስትዘጉ መስታወቱንና ቀለበቱን ጨርቅ ላይ በግምባሩ አስተኙት፣ ጠርዙን መጀመሪያ በአራት ተቃራኒ ቦታዎች፣ ከዚያ በመካከላቸው፣ በማንኪያ ጀርባ እየተጫናችሁ እጠፉት። በመዶሻ አትምቱት። ሽቦዎቹን በቁጥራቸው መልሱ፣ የገመዱን ዳዶ በእጅ ብቻ አጥብቁ፣ ባትሪውን በመጨረሻ አገናኙ። ቁልፉን ስትከፍቱ የቻርጅና የዘይት መብራቶቹ ካልበሩ ሽቦ ተለዋውጧል፤ ሞተሩን ሳታስነሱ ፎቷችሁን ተመልከቱ።

መንገድ ላይ 10 ኪሎሜትር በስልክ ጂፒኤስ እየለካችሁ ንዱና ከቆጣሪው ጋር አነጻጽሩ። የተገጠመው ጎማ 155አር15 ከሆነ ቆጣሪው ከእውነተኛው ርቀት ወደ 3 በመቶ አብልጦ ይቆጥራል። ይህ የጎማው ማነስ ያመጣው እንጂ የጥገናው ስህተት ስላልሆነ ጌጁን እንደገና አትክፈቱት። 100 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ የግራውን ጎማ ሽፋን አንዴ አንሱና ክሊፑ በቦታው መኖሩን እዩ።